የለገሃር ሐዲድና የውሉ አባሪ
በተከፋፈለ ዓለም ውስጥ ስለሚደረግ የኢኮኖሚ ውሳኔ አንድ የታሪክ ምሳሌ

የአንድ አገር የኢኮኖሚ ፖሊሲ የሚጻፈው የት ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ በሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ በብሔራዊ ባንክና በዓመታዊው በጀት ነው እንላለን። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ኃያላን መንግሥታት በጎራ ተከፋፍለው በገንዘብ፣ በመርከብና በጦር ኃይል በሚፎካከሩበት ዘመን፣ የባሕር በር የሌለው አገር ፖሊሲ በአብዛኛው የሚጻፈው በውል ወረቀት ላይ ነው። ከውሉም ውስጥ ፈራሚዎቹ ባለሥልጣኖች ለባለሙያ ትተውት በሚያልፉት በቴክኒክ አባሪው ላይ ነው። የሐዲዱ ስፋት፣ የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ዓይነት፣ የመለዋወጫው ምንጭ፣ የጥገናው ኃላፊና የሥልጠናው ጊዜ የሚወሰኑት በዚያ ነው። እነዚህ አንድ ጊዜ ከተወሰኑ በኋላ መንግሥት ቢለወጥ፣ ወዳጅ ጠላት ቢሆን፣ ጠላትም ወዳጅ ቢሆን፣ ሐዲዱ በተተከለበት ስፋት ይቀጥላል።

ለዚህ አባባል ከለገሃር የተሻለ ምስክር በአገራችን አይገኝም። ስሙ ራሱ ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል የተወረሰ ነው። ከቸርችል ጎዳና ግርጌ የቆመው ሕንፃ ከተመረቀበት ከ1922 ዓ.ም. ወዲህ ፓሪስ፣ ሮማ፣ ለንደን፣ ሞስኮ፣ ቤይጂንግና አቡዳቢ በየተራቸው ጥላቸውን ጥለውበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምድር ባቡሩን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር መተረክ ሳይሆን፣ በየዘመኑ የተደረገው ውሳኔ ምን እንዳስገኘና ምን እንዳስቀረ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመጀመሪያው ውል

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ የባሕሩ ዳርቻ በሙሉ በባዕድ እጅ ነበር። ምጽዋን ኢጣልያ፣ ዘይላን እንግሊዝ፣ ጅቡቲን ፈረንሳይ ይዘዋል። ንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸውን ወደብ የመምረጥ ዕድል አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ምርጫ ከሦስቱ ባለወደቦች መካከል በጊዜው ለአገሪቱ ነፃነት አስጊነቱ የሚያንሰውን መለየት ነበር። ጅቡቲ የተመረጠችው በዚህ ሚዛን ነው። ፈቃዱም የተሰጠው ለፈረንሳይ መንግሥት ሳይሆን ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነበር። ስዊስ ቅኝ ግዛት የሌላት አገር ስለሆነች የባለሙያው ዜግነት ራሱ የፖለቲካ ዋስትና ሆኖ ተቈጥሯል። የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት ነው።

ስሌቱ ብልህነት ነበረው፤ የጐደለው ገንዘብ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ወደ መሐል አገር ሲገፋ የኩባንያው ካፒታል አለቀ። የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮን እየገዙ ሲገቡ በፓሪስ የቅኝ ግዛት ጉዳይ ተቈርቋሪዎች ደነገጡ። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው ድጎማ ሰጥቶ በምትኩ የበላይ ተቈጣጣሪነቱን ያዘ። ይህ ሲሆን ምኒልክ አልተጠየቁም። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ በመቈጣታቸው በመስመሩ ምርቃት ለመደሰት አልፈለጉም፤ ሥራውም ለዓመታት በዚያው ቆመ። ለግል ሰው የተሰጠ ፈቃድ ገንዘቡ ሲጐድል የገንዘቡ ባለቤት ንብረት እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አይኖርም።

በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ኢትዮጵያን የሚመለከት የሦስትዮሽ ውል ተፈራረሙ። በውሉም የየራሳቸውን የጥቅም ክልል ለዩ፤ የባቡሩን መስመርም ለፈረንሳይ ተዉ። ምኒልክ ውሉ ሲገለጽላቸው ስላሳወቋቸው አመስግነው፣ ነገር ግን የሥልጣናቸውን ሙሉነት በምንም መንገድ እንደማይቀንስ ገለጡ። ከቃሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን ሥራቸው ነው። አስቀድሞ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የድንበር ውል በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቅደው ነበር። በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን የሚወርደው ቡና በጅቡቲ ላይ የተመሠረተውን ንግድ የሚተካ ባይሆንም፣ አንድ በር ብቻ ያለው ቤት እንዳይሆን አድርጓል። በጥር 1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሐዲዱም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

የአንድ ሜትር ስፋት ለተራራማ አገር በጊዜው ተገቢ ምርጫ ነው። ጠባብ ሐዲድ ኩርባው ጠበብ ያለ እንዲሆን ስለሚያስችል የቁፋሮና የድልድይ ወጪ ይቀንሳል። ዳሩ ግን የሚሸከመው ክብደትና የሚደርስበት ፍጥነት ውሱን ነው። ይህ ውሳኔ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያስከትለውን ነገር ወደፊት እንመለስበታለን።

የአንድ መንገድ አደጋ

ራስ ተፈሪ መኰንን በአንድ ባቡርና በአንድ ወደብ መታመን የሚያመጣውን ጉዳት በሚገባ ያውቁ ነበር። በሐምሌ 1920 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የወዳጅነት ውል ሲፈረም ከውሉ ጋር ተያይዞ በአሰብ ነፃ ቀጣና እንዲሰጥና ከአሰብ ወደ ደሴ መንገድ እንዲሠራ ስምምነት ተደርጎ ነበር። መንገዱ ግን በሁለቱ መንግሥታት መካከል ከነበረው ጥርጣሬ የተነሣ በሰላሙ ዘመን አልተሠራም። ስለዚህ የጦርነቱ ዋዜማ ሲደርስ ኢትዮጵያ የቀራት ዋና በር ለገሃር ብቻ ነበር።

በታኅሣሥ 1927 ዓ.ም. ፈረንሳይና ኢጣልያ በሮማ ባደረጉት ስምምነት ከባቡሩ ኩባንያ አክሲዮኖች 2,500 ያህሉ ለኢጣልያ እንዲተላለፉ ተወሰነ። ቁጥሩ ኩባንያውን የሚያስገዛ አልነበረም፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ የሕይወት መሥመር በኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ በሚደረግ ገበያ ውስጥ እንደ ምራቂ ዕቃ ሊሰጥ መቻሉን አሳየ። ጦርነቱ ሲመጣም ፈረንሳይ ከኢጣልያ ጋር ላለመጣላት ስትል በባቡሩ በሚገባው የጦር መሣሪያ ላይ ገደብ አደረገች። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የወጡት በዚሁ ባቡር ነው። በጣቢያው ፊት ለፊት የቆመውም የሞዓ አንበሳ ሐውልት ተነቅሎ ሮማ ከተወሰደ በኋላ በዚያ ከተማ ዋና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተተከለ፤ በኋላ ግን ወደ ቦታው ተመልሷል።

ወራሪው ራሱ ያደረገው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ኢጣልያ ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ስለነበረች፣ በባቡሩ ላይ መተማመን አደጋ መሆኑን አውቃ ከምጽዋና ከአሰብ የሚነሡ የመኪና መንገዶችን በከፍተኛ ወጪ አሠራች። የሰላም ዘመን ስምምነት ያልወለደውን የአሰብ መንገድ የወራሪ ጥርጣሬ ወለደው።

ከሁሉ የመበደር ፖሊሲ

ነፃነት ሲመለስ ባቡሩ አልተመለሰም። በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት ምድር ባቡሩ በእንግሊዝ ጦር ቁጥጥር ሥር ቈየ፤ በገበያ የሚዘዋወረውም ገንዘብ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር። ቁጥጥሩ የተነሣው በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛ ስምምነት ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የኢትዮጵያ ገንዘብ በራሷ ስም ታትሞ ወጣ፤ ለሃምሳ ሳንቲሙም ብር ያበደረችው አሜሪካ ነበረች። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. በአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ ረዳትነት አየር መንገድ ተቋቋመ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት ከሁለቱም ጎራ የመውሰድ ዘመን ነው። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድና ለልማት ባንክ ብድር ሰጠ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ፣ ሶቪየት ኅብረት የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ አቋቋሙ። የቆቃ ግድብ በኢጣልያ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። የአሰብን ወደብ ዩጎዝላቮች ሠሩት። በ1951 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ፈቀደች፤ በእርሱም የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ተሠርቶ በ1959 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የባቡሩን ነገር በተመለከተ በኅዳር 1952 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ እንዲዛወርና ከአክሲዮኑ ግማሹ የኢትዮጵያ እንዲሆን ተወሰነ።

የዚህ ፖሊሲ ጥቅም አያጠራጥርም። ማንም ብቻውን አዛዥ ሊሆን አልቻለም። ጉድለቱም እንዲሁ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ አበዳሪ የራሱን ማሽን፣ የራሱን የቴክኒክ ደረጃና የራሱን መለዋወጫ ይዞ ስለሚመጣ፣ በዲፕሎማሲ ነፃነት ያገኘው አገር በዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ የብዙዎች ጥገኛ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የገንዘቡ ምንጭ ቢበዛም የባሕሩ መንገድ አንድ ነበር። ማጣሪያው ሥራ በጀመረበት ዓመት የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ ለስምንት ዓመታትም እንደ ተዘጋ ቈየ። ከአውሮፓ የሚመጣው ዕቃ አፍሪካን መዞር ግድ ሆነበት። በ1966 ዓ.ም. የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት የነዳጅን ዋጋ ሲያንረው በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነው በሁላችን ዘንድ የታወቀ ነው። በሲና በረሃ የተተኰሰ መድፍ የአንድን አሮጌ መንግሥት መሠረት ከሚያናውጡት ኃይሎች አንዱ እስከ መሆን ደርሷል።

ሁለት ውሎች፣ ሁለት ውጤቶች

እዚህ ላይ ባቡሩን ከአየር መንገዱ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሁለቱም በባዕድ ባለሙያ ተጀመሩ፤ ሁለቱም የባዕድ መሣሪያ ይጠቀማሉ። በአየር መንገዱ በኩል ግን የስምምነቱ ዓላማ ድርጅቱ ውሎ አድሮ በኢትዮጵያውያን እንዲመራ ነበር። አብራሪውና ቴክኒሻኑ በአገር ውስጥ እንዲሠለጥን፣ ጥገናውም በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተደረገ፤ በ1963 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። ውጤቱ የታየው ዓለም ሲከፋፈል ነው። በደርግ ዘመን መንግሥት ከሞስኮ ጋር ወግኖ ሳለ አየር መንገዱ የአሜሪካውን ቦይንግ መግዛቱንና ማብረሩን ቀጠለ፤ በ1976 ዓ.ም. ቦይንግ 767 ተረከበ። ይህን ያስቻለው የዲፕሎማት ቃል ብቻ አይደለም፤ የመሣሪያውን ጠባይ የሚያውቅና ጥገናውን በእጁ የያዘ ድርጅት መኖሩ ነው።

በባቡሩ በኩል የድሬ ዳዋ ወርክሾፕ ከፍተኛ ሙያ ያላቸው ሠራተኞችን አፍርቷል፤ ለሙያቸውም ክብር ይገባል። ነገር ግን የኢንቨስትመንት ውሳኔው ለብዙ ዘመን በፓሪስ ሲደረግ ቈይቶ፣ ወደ እኛ የመጣው የመኪና መንገድ ጭነቱን መሻማት ከጀመረ በኋላ ነው። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። ጅቡቲ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ነፃ ስትወጣ የባቡሩ ሁለተኛ ባለድርሻ ሆነች፤ በ1973 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነትም የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ድርጅት መሠረት ተጣለ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋ፤ የአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድም ከዘጠና በመቶ በላይ በጅቡቲ ላይ ወደቀ። የሚያሳዝነው ነገር ባቡሩ ከማናቸውም ጊዜ ይልቅ በተፈለገበት በዚህ ወቅት፣ ያረጀው ሐዲድና ያረጁት ሎኮሞቲቮች ሸክሙን መቻል አቅቷቸው ነበር። ጭነቱን የወሰደው የከባድ መኪና ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ለገሃር የሚመጣ ባቡር አልነበረም።

አዲሱ መስመር

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሰበታ እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው አዲስ ምድር ባቡር በአዲስ አበባ ተመረቀ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ የሚንቀሳቀሰውም በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ አብዛኛው ገንዘብ የተገኘው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር ነው። ጣቢያውም ለገሃር ሳይሆን በከተማው ደቡብ ዳርቻ በለቡ ተሠራ። የአንድ ሜትሩ ሐዲድና አዲሱ ሐዲድ ስፋታቸው ስለሚለያይ በአሮጌው መስመር ላይ የነበረው ፉርጎም፣ ሎኮሞቲቭም ለአዲሱ የሚያገለግል አልሆነም። የ1886 ዓ.ም. ውል ሥራ ላይ የዋለበት ስፋት የመጨረሻ ዋጋ የተከፈለው በዚህ ጊዜ ነው።

በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ከአዲሱ መስመር ውሳኔዎች መካከል ሁለቱ የሚመሰገኑ ናቸው። 1,435 ሚሊ ሜትር በዓለም ላይ በብዛት የሚገኝ ስፋት ስለሆነ ለሎኮሞቲቭና ለፉርጎ ግዢ አንድ ሻጭ ብቻ አያስመርጥም። በኤሌክትሪክ መንቀሳቀሱም ከባሕረ ሰላጤው በሚመጣ ናፍጣ ፈንታ በአገር ውስጥ ወንዝ በሚገኝ ኃይል ለመጠቀም ያስችላል። የኋለኛው በተከፋፈለ ዓለም ውስጥ የኢኮኖሚ ፖሊሲ እንጂ የቴክኒክ ዝርዝር ብቻ አይደለም።

በአንጻሩ የብድሩ ዘመን ከንብረቱ ዕድሜ ጋር አልተመጣጠነም። ምድር ባቡር በብዙ አሠርት ዓመታት የሚያገለግል ንብረት ሆኖ ሳለ ብድሩ በ10 ዓመት እንዲከፈል ተዋውለን፣ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም መደራደር አስፈለገ። ገቢው በብር፣ ዕዳው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የመለዋወጫውና የዕዳው ክብደትም በዚያው ልክ ጨመረ። መስመሩን ለስድስት ዓመት ያህል ያንቀሳቀሱት ቻይናውያን በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ማስረከባቸው ተስፋ የሚሰጥ እርምጃ ነው። ፈተናው ግን የሚጀምረው ከርክክቡ በኋላ ነው። በለገሃር በኩል የሚያልፈው የከተማው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ ዕጥረት ብዙ ተሽከርካሪዎቹ መቆማቸው ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

የዛሬው ዓለም ከ1899 ዓ.ም. ዓለም ጋር የሚመሳሰልበት ብዙ ነገር አለ። ዋና ወደባችን በሆነችው በጅቡቲ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ኢጣልያ፣ ጃፓንና ቻይና የጦር ሠፈር አላቸው። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ በመርከቦች ላይ የተሠነዘረው ጥቃት የብዙ መርከቦችን ጉዞ እንደገና አፍሪካን ወደ መዞር መልሷል። በሰሜኑ ጦርነት ሰበብ አሜሪካ የአጎዋን የንግድ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስታነሣ፣ ለዚያ ገበያ የተሠሩት የኢንዱስትሪ ፓርኮች ተጐዱ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የብሪክስ አባል ሆነች፤ በዚያው ዕለት ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በርን የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ያ ሰነድ ያስነሣው ቍጣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአንካራ መግለጫ እንዲበርድ ተሞክሯል። ለገሃርም ራሱ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ወዲህ መሠረቱ አቡዳቢ በሆነው በኢግል ሂልስ ኩባንያ በ360,000 ካሬ ሜትር ላይ ለታቀደ የከተማ ልማት ተሰጥቷል።

የባለሙያው ድርሻ

«ጎራ የሚመርጠው መንግሥት ነው፤ መሐንዲስ የታዘዘውን ይሠራል» የሚል አስተያየት ከሙያ ጓደኞቻችን ይሰማል። የመጀመሪያው ሐረግ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ታሪክ አይደግፈውም። በዚህ ጽሑፍ እንደታየው የጎራ ምርጫ በየሃያ ዓመቱ ሲለዋወጥ የቴክኒክ ውሳኔው ግን ለመቶ ዓመት ይቈያል። ስለዚህ ማንኛውም ትልቅ ውል ከመፈረሙ በፊት የእኛ ሙያ ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ይህ አቅራቢ በማዕቀብ፣ በጦርነት ወይም በኩርፊያ ነገ ቢቀር ዕቃው ከማን ይገኛል? የምልክትና የመቈጣጠሪያ ሥርዓቱ ከአንድ ፋብሪካ በላይ የሚያውቀው ነውን? ሥልጠናው በቀንና በሰው ቁጥር ተወስኖ በውሉ ውስጥ ገብቷልን? የብድሩ ዘመን ከመሣሪያው ዕድሜ ጋር ተመዝኗልን?

ሁለተኛውን መንገድ የሚመለከተው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። በርበራ፣ ታጁራና ላሙ በኪሎ ሜትርና በወጪ ሲሰሉ ከጅቡቲ ዋና ወደብ ጋር ላይወዳደሩ ይችላሉ። በሰላም ዘመን ሚዛን ብቻ ብንመዝናቸው እንደ ትርፍ ወጪ እንቈጥራቸዋለን። ነገር ግን ማናችንም ድልድይ ስንነድፍ የዕለቱን ጭነት ብቻ አስበን አንነድፍም፤ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣው ጎርፍ እንጨምራለን፤ ለዚያም የሚወጣውን ብረትና ሲሚንቶ ብክነት አንለውም። በ1927፣ በ1969 እና በ1990 ዓ.ም. ጎርፉ መጥቷል። በሦስቱም ጊዜ አገሪቱን የጐዳት የጎርፉ ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሌላ መሻገሪያ አለመኖሩም ነው።

ማኅበራችን በዚህ ረገድ ሊሠራው የሚችል አንድ ተጨባጭ ሥራ አለ። ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ የተፈረሙትን የመሠረተ ልማት ውሎች የቴክኒክ አባሪ ሰብስቦ፣ የትኛው አንቀጽ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳከሰረ በባለሙያ ዓይን አጥንቶ ለወደፊት ተደራዳሪዎች ማቅረብ ነው። የድሬ ዳዋ ወርክሾፕ አረጋውያን ሠራተኞች ዕውቀታቸውን ይዘው ሳያልፉ፣ የአዲሱ መስመር ወጣት ባለሙያዎችም የርክክቡን ችግር ሳይረሱት ይህ ቢደረግ፣ ቀጣዩ ውል ሲፈረም በጠረጴዛው በወዲህ በኩል የሚቀመጠው ሰው ባዶ እጁን አይሆንም።